ዲያቆን ያደረግናቸው ወይዘሮ

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍልዎ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አያቴ በተወለዱበት ገጠር ለትምህርት ቤቱ አንዲት ቤተ መጻሕፍት አሠርተናል። ገንዘብ ያዋጣነው 20 ሰዎች ነን፤ 11 ሴቶች፣ 9 ወንዶች። አሁን በሩ አጠገብ የሚለጠፍ እብነ በረድ ልናስቀርጽ ነው። ጠቡ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ ከላይ «ገባርያነ ሠናይ» ብሎ ጻፈና ሁላችንንም ከሥር ደረደረን። ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ አንድ አባት አዩና «ለሴቶቹማ ገባርያተ ሠናይ ነው የሚባለው፤ ለብቻ ጻፏቸው» አሉ። ወጣቶቹ ደግሞ «ማን ያነበዋል? ለጋሾች በሉትና ገላግሉን» እያሉ ይስቃሉ።

ሌላም አለ። አያቴ እማሆይ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያስቀመጡትን የብር ድሪ ሸጠው ነው ለጣሪያው ቆርቆሮ የገዙት። ስማቸው ለብቻው ይቀመጥ ብለናል። በደብራቸው ባለ አንድ የብራና መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ደግሞ የእሳቸው ቅድመ አያት ስም አለ፤ ከአጠገቡ «እንተ አጽሐፈታ» ይላል። ምን ማለት ነው? ለአያቴስ እንዲህ ያለ የጥንት ቃል አይገኝላቸውም? ድንጋይ ጠራቢው በፊደል ቆጥሮ ነው የሚያስከፍለን። ቶሎ ይመልሱልኝ።

የልጅ ልጅ፣ ከጎንደር

መልስ

አንቺ ልበልሽና፣ የልጅ ልጅ፣ ከመመለሴ በፊት በዚሁ ቃል የሠራሁትን ጥፋት ልናዘዝ።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚያሳድግ አንድ ማኅበር የምስጋና ወረቀት ሊያሳትም መጣ። ረቂቁ «ለጋሽ ወይዘሮ እገሊት» ይላል። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ግእዝ ቀመስ ነኝ፤ የቀመሰ ደግሞ ከጠገበው ይልቅ ያገሣል። «ለጋሽ» የሚለው የቢሮ ቃል ሆኖ ታየኝና በቀይ ብዕር ሰርዤ «ገባሬ ሠናይ» አልኩት። ማንም አልጠየቀኝም። እንዲያውም «እንዴት ያለ ግርማ ያለው ቃል ነው!» ተባልኩ።

የምስጋናው ዕለት እኔም ተጋብዤ ነበር። ወይዘሮዋ ሰባውን አልፈዋል። ወረቀቱን ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው ፈልገው አወጡ፣ ቆመው አነበቡት። ከዚያ ወደ መድረክ መሪው ዞሩና በጣም ረጋ ብለው «ልጄ፣ ለቅዳሴ ስንት ሰዓት ልድረስ?» አሉት። መድረክ መሪው አልገባውም። መጀመሪያ የሳቀው ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ቄስ ነው። እኔ ወንበሬ ውስጥ ሰመጥኩ።

ምን ሆነ መሰለሽ? ሁለት ጥፋት በአንድ መስመር ሠርቻለሁ። አንደኛው የሰዋስው ነው፤ ገባሬ ሠናይ የወንድ ነው። ሁለተኛው የአገልግሎት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው አይታየውም። ቀዳሹ ነው የሚታየው። በቅዳሴ ጊዜ ገባሬ ሠናይ ካህን አለ፣ ንፍቅ ካህን አለ፤ ገባሬ ሠናይ ዲያቆን አለ፣ ንፍቅ ዲያቆን አለ። ገባሬ ሠናዩ ዋናው ነው፣ ንፍቁ ረዳቱ። ስለዚህ ወይዘሮዋን በሙሉ ክብር ካህን ወይ ዲያቆን አድርገናቸው ወጣን።

አሁን ቃሉን እንፍታው። ገብረ ማለት በግእዝ ሠራ፣ አደረገ ነው። ገባሪ፣ አድራጊ። ሠናይ፣ መልካም። ሁለቱን ስታጋጥሚ የመጀመሪያው ቃል መጨረሻው ይለወጥና ገባሬ ሠናይ ይሆናል፤ በአማርኛ በጎ አድራጊ። ሴት ስትሆን ገባሪት ትባላለች፤ ሲያጋጥሟት ገባሪተ ሠናይ። አዲስ ከመሰለሽ የምታውቂው ወንድም አለው፤ ወላዲ፣ ወላዲት፣ ወላዲተ አምላክ። ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ንግሥተ ነገሥታትም ያው ነው። ዘውዲቱ በ1909 ዘውድ ሲጭኑ «ንጉሠ ነገሥት» የሚለው ማዕረግ እንደ ቆመ ለሴት አልተሰጠም። በዚሁ መንገድ ንግሥተ ነገሥታት ሆነ። የሊቃውንቱ ጆሮ አንድ ፊደል አያሳልፍም ነበር። የእኔ ጆሮ ነው ያሳለፈው።

ብዙ ሲሆኑ ወንዶቹ ገባርያን፣ ሴቶቹ ገባርያት ናቸው። ሲያጋጥሟቸው ገባርያነ ሠናይ፣ ገባርያተ ሠናይ። ስለዚህ የቅኔው አባት ያሉት ትክክል ነው፤ ስንዝር አልሳቱም። ሠናይ የሚጻፈውም በንጉሡ ሠ ነው፤ ጠራቢው በእሳቱ ሰ እንዳይቀርጽባችሁ። ድንጋይ ላይ ማረሚያ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከመንገዳችን ትንሽ ወጣ ቢልም። ይኸው ገብረ የሚባለው ግሥ አማርኛ ውስጥ ሲገባ መልኩን ለወጠ። ገበረ ማለት ግብር ከፈለ ሆነ። ገባር ደግሞ ለባለ ጉልቱ የሚከፍለው ምስኪን። ግብር የሚለውን ራሱን እዪው፤ ለመንግሥት የምትከፍይው ግብር ነው፣ ንጉሡ አዳራሽ ውስጥ ሰው ጠርቶ የሚያበላውም ግብር ነው። የሚሰጠውም የሚወሰደውም በአንድ ስም። ስለዚህ ድንጋዩ ላይ «ገባርያን» ብቻ ተጽፎ «ሠናይ» ቢዘለል፣ 20 በጎ ሰዎች ሳይሆኑ 20 ግብር ከፋዮች ናችሁ።

ታዲያ ቃሉ ዛሬ ይሠራል ወይ? ወንዱም ሴቱም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይኖራሉ። ከዚያ ውጪ ግን እየራቀ ነው። በወጣትነቴ «የግብረ ሠናይ ድርጅት» የሚል ሰሌዳ በየመንገዱ ነበር። ከዚያ «በጎ አድራጎት» መጣ፤ የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 621 ራሱ ስሙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ነው። በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካ ደግሞ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ተባለ። በአንድ ሰው ዕድሜ ሦስት ስም። ገባሪተ ሠናይ ግን ከሦስቱ በየትኛውም ዘመን የአደባባይ ቃል ሆና አላየኋትም። እኔ ያየኋት ወይ በጸሎት መጽሐፍ አጠገብ ነው፣ ወይ እንደ እኔ ያለ ሰው ሊራቀቅ ሲል ነው።

«ለጋሽ»ን የናቅኩት ደግሞ በከንቱ ነው። እዚህ ላይ ሌላ ደብዳቤ ልጥራ፤ አንድ አንባቢ ከሐዋሳ «ደም ለጋስ ነው ወይስ ደም ለጋሽ?» ብሎ ጠይቆኛል። ለጋሽ ነው። ለጋስ ጠባይ ነው፣ ለጋሽ ድርጊት ነው። ለጋስ እጀ ሰፊ ሰው ነው፤ በዚህ ዓመት ምንም ሳይሰጥ ለጋስ ሊባል ይችላል፣ ተፈጥሮው ነውና። ለጋሽ ግን የሰጠ ሰው ነው። ቆንቋና ሆኖም አንድ ከረጢት ደም ከሰጠ ለጋሽ ነው። እኔ ቃሉን በደንብ የሰማሁት በ1977ቱ ድርቅ በሬዲዮ ነው፤ «ለጋሽ አገሮች» ሲባል። አሁን ሳስበው ሬዲዮው ቃሉን በትክክል ነው የመረጠው። አገሮቹ ሰጡ እንጂ ጠባያቸው አልተመሰከረላቸውም።

እና ለጋሽ የሴቱ ምን ነው? እዚህ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ወደ ወላዲት እንመለስ። ግእዙ ወላዲ ያለውን አማርኛ ወላጅ ይለዋል። መጽዋቲ የሚለውን መጽዋች ይለዋል። ለገሰ ካለ ደግሞ ለጋሽ። አየሽ? በመጨረሻ የነበረችው ኢ ከፊቷ ያለውን ፊደል አለሳልሳው ጠፋች፤ ዲ ጅ ሆነ፣ ቲ ች ሆነ፣ ሲ ሽ ሆነ። የሴቷ ት ደግሞ የምትቀመጠው እዚያች ኢ ላይ ነበር፤ ወላዲ ሲል ወላዲት፣ መጽዋቲ ሲል መጽዋቲት። ወንበሩ ሲነሳ ተቀማጩ ወደቀ። «ወላጅት» የሚል ሰው የለም። «ለጋሽት»ም የለም። «ለጋሲት» የሚሉ አንዳንድ ሰዎች አሉ፤ አማርኛውን ትተው ወደ ግእዙ ቤት ተመልሰው ነው። ስሕተት አልለውም። ግን ደም ባንክ ሄደሽ «ለጋሲት ነኝ» ብትዪ ነርሷ ስምሽ ይመስላታል።

ኢዋ በቀረችበት ት አሁንም ትመጣለች። ደራሲ፣ ደራሲት። ገጣሚ፣ ገጣሚት። ኢ ሳይኖራቸውም መምህርትና ተዋናይት ሲባል በየቀኑ እንሰማለን። ነገር ግን ደንብ ነው ብዬ እንዳልምል የሚያደርጉኝ አሉ። ሰጪ ኢዋን እንደ ያዘች አለች፤ «ሰጪት» ግን አይባልም። ትናንት ማታ ባለቤቴ ሻይ ስታቀርብልኝ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰጪት» ብዬ ሞከርኩባት። «ምን ነካህ?» አለችኝ። ጸሐፊም እንዲሁ ነው፤ በየቢሮው ጸሐፊ ሴት ናት፣ ግን «ጸሐፊት» የሚል ማኅተም አላየሁም። የቢሮው ሴትዮ ጸሐፊ፣ የመጽሐፉ ሴትዮ ደራሲት። ለምን እንዲህ እንደ ተከፋፈሉ የሚያስረዳኝ ቢመጣ ሻይ እጋብዛለሁ፤ ሰጪቷ ባለቤቴ ናት።

ሌላ የቆየ ቃል ልንገርሽና እንለፈው፤ ወሃቢት። ወሀበ፣ ሰጠ። ወሃቢ፣ ሰጪ። ወሃቢት፣ የሰጠች። ከሁሉም ቀጥተኛው ይኸው ነበር። ግን እብነ በረድ ላይ አልመክርሽም። ዛሬ «ወሃቢ» ሲባል ሰው ወደ ሌላ ነገር ነው የሚያስበው፤ ሃይማኖታዊ ክርክር ውስጥ የገባ ቃል ሆኗል። ሥሩ ግን የዐረብኛውም የግእዙም አንድ ነው፤ አብዱልወሃብ የሚባለው ሰው ስሙ «የሰጪው አገልጋይ» ማለት ነው። ከዚሁ ሥር የወጣ አንድ የዕለት ቃል ደግሞ አለን፤ ሀብት። ሀብት በግእዝ ስጦታ ነው። ሀብተ ማርያም የማርያም ገንዘብ አይደለም፣ የማርያም ስጦታ ነው። ሀብተ ጊዮርጊስም እንዲሁ። አማርኛ ላይ ሲደርስ ስጦታው ንብረት ሆነና ሀብታም መጣ፤ ማን እንደ ሰጠው የማይጠየቅ ሰው።

አሁን ወደ ብራናው። ይህን ክፍል ደብዳቤሽን ሳነብ ጀምሮ ስጓጓለት ነበር።

«እንተ አጽሐፈታ» ማለት «ያጻፈቻት» ነው። እንተ የሴት «የ» ናት፤ ለወንድ ዘ ይላል። ጸሐፈ ጻፈ፣ አጽሐፈ አጻፈ፣ አጽሐፈት አጻፈች። የመጨረሻዋ ት ታ የሆነችው መጽሐፊቱን ለማመልከት ነው። ሙሉው ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነው፤ «ዛቲ መጽሐፍ እንተ አጽሐፈታ ወለተ ሥላሴ በንዋያ»። ይህች መጽሐፍ ወለተ ሥላሴ በገንዘቧ ያጻፈቻት ናት። ቀጥሎ ለየትኛው ደብር እንደ ሰጠች ይመጣል። ከዚያ እርግማኑ፤ «ዘሰረቃ ወዘፈሐቃ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን»። የሰረቃት፣ የፋቃት በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን። በሚቀጥለው ስትሄጂ ከሥር ፈልጊው።

«የፋቃት» የሚለው ለማስፈራራት ብቻ አልገባም። ብራና ይፋቃል። ቀለሙ ከላይ ስለሚቀመጥ በስለት ቀስ ብሎ ይነሳል። መጽሐፍ የገዛ ሰው የቀድሞውን ባለቤት ስም ፍቆ የራሱን ማስገባቱ የተለመደ ነበር። ስሙ ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም ነው፤ በየጸሎቱ መጨረሻ ላይ ይመላለሳል። አንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ስሙ ያለበት ቦታ ሻካራ ሆኖ፣ ቀዩም ከሌላው ቀይ ትንሽ ደመቅ ብሎ ታዪዋለሽ። ጣትሽ ቀድሞ ያውቀዋል። የቅድመ አያትሽ አያት ስም እስካሁን ካለ፣ ወይ እርግማኑ ሠርቷል፣ ወይ ደብሩ ጠባቂ ነበረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውዪ። ጸሐፊው ግእዝ ያውቃል። ወሃቢት፣ ገባሪተ ሠናይ፣ የፈለገውን ማዕረግ መደርደር ይችል ነበር። አላደረገውም። ያደረገችውን ነው የጻፈው፤ አጻፈች። ሥዕል ከሆነ አሣለች። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ሐነጸች። ሴትነቷ ማዕረግ ላይ ሳይሆን ግሡ ጭራ ላይ ነው ያለው፤ ያች አንዲት ት። ያደረገችውን ስላነበብሽ ሴት መሆኗንም፣ ምን እንደ ሰጠችም፣ በማን ገንዘብ እንደ ሆነም በአንድ ትንፋሽ ታውቂያለሽ። «ለጋሽ» ከሦስቱ አንዱንም አይነግርሽም።

ያው ነገር በሥዕልም አለ። ጣና ሐይቅ፣ ደቅ ደሴት ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት፤ በ18ኛው መቶ ዓመት። የጎንደሩን ቁስቋምንም ያሠራች እሷ ናት፤ ለአንቺ ሠፈርሽ ነው። ናርጋ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በተሣለችበት ሥር ምንትዋብ በግንባሯ ተደፍታ አለች። እቴጌ ናት፣ በልጇና በልጅ ልጇ ዘመን አገር የገዛች። ሠዓሊው ግን ከዙፋን ላይ አላስቀመጣትም። እንደ ሰጪ ነው የሣላት፤ ሰጪ ማለት እዚያ ሥዕል ውስጥ ከታች የተኛችው ናት።

አሁን ከዚህ ወደ ዛሬው መጋረጃ እንምጣ። የትኛውም ደብር ግቢ፣ መጋረጃው ጠርዝ ላይ በወርቅ ክር የተጠለፈውን እዪ። ምንጣፉ ጫፍ ላይ፣ ጃንጥላው ዙሪያ። «ከእኅተ ማርያም የተበረከተ»። «የአስካለ ማርያም ስጦታ»። የክርስትና ስም ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ማን እንደ ሆነች ላያውቅ ይችላል፤ ይህ ልትሰወር ብላ ነው፣ ደግ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ «የተበረከተ» የሚለው ነው። ማን አበረከተ? መጋረጃው ራሱ ተበረከተ። አድራጊዋ ከግሡ ወጥታ «ከ» ከምትባል ፊደል ጀርባ ቆማለች። አያቶቻችን «ያጻፈች» ሲሉ እኛ «የተበረከተ» አልን። ይህን እኔ የደብዳቤ አማርኛ ነው የምለው፤ ሁሉ ነገር ተደርጎ ያደረገው ሰው የማይገኝበት።

ስለዚህ ለአያትሽ የጥንት ቃል ከፈለግሽ፣ የጥንቱ ቃል ስም አይደለም፤ ግሥ ነው። «ቆርቆሮውን የገዛች»።

ደስ ብሎኝ ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ደግሞ ሌላ ችግር ብቅ አለ። አያትሽ እማሆይ ናቸው። በሸመገሉ መነኩሲት ላይ «የገዛች» ብሎ የሚቀርጽ ማን ደፋር ነው? «የገዙ» ይባላል። «የገዙ» ካልን ግን ሴትነቱ ጠፋ፤ አንቱታ ወንድና ሴት አይለይም። የብራናው ጸሐፊ ይህ ጭንቀት አልነበረበትም፤ ግእዝ አንቱ የለውም፣ እቴጌዋንም ገረዷንም በአንድ ት ነው የሚጠራ። እኛ ስናከብር ጾታውን እናጣለን፣ ጾታውን ስንይዝ ክብሩን። ሁለት ቀን አሰብኩበት። መልሱ ከፊቴ ነበር፤ «እማሆይ»። እማሆይ ካለ ሴት ናቸው፣ ክቡር ናቸው፣ ምን ቀረ? «ወይዘሮ»ም እንዲሁ። አማርኛ ት የጠፋባትን ቦታ በማዕረግ ነው የደፈነችው።

ሕዝብ እንዲያውም ከዚህ ያልፋል። የሚሰጡ ሴቶችን «ለጋሽ» ሲል ብዙ አትሰሚውም፤ ዘመድ ያደርጋቸዋል። አበበች ጎበናን አስቢ፤ በ2013 ነው ያረፉት። ከግሸን ማርያም ደርሰው ሲመለሱ በረኃብ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች አገኙና ወደ ቤታቸው ይዘው ገቡ፤ ከዚያ ድርጅቱ መጣ። ሰው በጎ አድራጊዋ ብሎ አልቀረም። አፍሪካዊቷ ማዘር ቴሬዛ ይላቸው ነበር፣ እናት ይላቸው ነበር። ደጊቱ፣ ቸሪቱ ሲባልም ትሰሚያለሽ፤ እዚያም ት አለች፣ ልብ አላልናትም እንጂ።

እንግዲህ የኮሚቴያችሁ ጠብ። ሦስቱንም ወገን ላስታርቅ፤ ሽማግሌ ሆኜ ልግባ።

የቅኔው አባት ልክ ናቸው፣ ብዬዋለሁ። ግን የእሳቸውን ከተከተላችሁ ድንጋዩ ለሁለት ይከፈላል፤ ባልና ሚስት አዋጥተው ከሆነ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ። እንደ ቅዳሴ አቋቋም። ጸሐፊያችሁም አልተሳሳተም። በግእዝ ደንብ ወንድና ሴት ሲቀላቀሉ የወንዱ ነው የሚገዛ፤ ሴቶቹ 19 ሆነው አንድ ወንድ ቢጨመር ገባርያን ይሆናሉ። ደንቡ ይህ ነው፤ 11 ሆናችሁ ለ9 መገዛት ከከበዳችሁ ግን እኔ የለሁበትም። ወጣቶቹ ደግሞ ሳያውቁት ጥሩ ነገር ተናግረዋል። በአማርኛ ብዙ ቁጥር ወንድና ሴት የለውም። ለጋሾች ስትዪ ሁሉም እኩል ናቸው፤ ማንም ማንንም አይውጥም።

እኔ ብሆን ግን ስሙን ሁሉ ትቼ ከላይ «ይህን ቤተ መጻሕፍት ያሠሩ» እላለሁ። ከሥር 20ዎቹ፣ ወይዘሮው ከአቶው ሳይለይ፣ በፊደል ተራ። እያንዳንዱ ስም ፊት ማዕረጉ ይኑር፤ አሁን እንዳየነው እሱ ነው ጾታውን የሚሸከመው። በፊደል ተራ ያልኩትም ለሰላም ነው፤ ባዋጡት መጠን ከደረደራችሁ ሌላ ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ። ከሁሉም ሥር፣ ለብቻው፣ «ድሪያቸውን ሸጠው ቆርቆሮውን የገዙ» ብላችሁ የእማሆይን ስም አስቀምጡ። «ድሪያቸውን ሸጠው» የሚለውን ለማሳጠር ብላችሁ እንዳታወጡት። «በንዋያ» የሚለው የብራናው ቃል ያው እሱ ነው፤ በማን ገንዘብ እንደ ሆነ። የምንኩስና ስማቸውን ወይስ የዓለሙን የሚለውን ራሳቸውን ጠይቂ። ምናልባትም «ተዉት፣ አትጻፉት» ይሉሻል። ያን ጊዜ የቅድመ አያታቸውን ብራና አንሺባቸው።

ድንጋይ ጠራቢው በፊደል ስለሚያስከፍል ቆጥሬልሻለሁ። ገባርያነ ሠናይ 8 ፊደል ነው። ገባርያተ ሠናይም 8። ለጋሾች 4። ያሠሩ 3።